ቀጫጭን የግጥም መጻሕፍትን እንዴት ነው የምታነቧቸው?

ቦሳ ኪቶ፦

ሰላም ሰዎች። እኔ የልቦለድ ሴት ነኝ። ወፍራም ልቦለድ ከያዝኩ እናቴ «መብራት አጥፊ» ብላ እስክትቆጣ አልተኛም። ግጥም ግን በሬዲዮ ሲነበብ ከመስማት ያለፈ ነገር አልነበረኝም። በቅርቡ እዚህ ጅማ ፈረንጅ አራዳ በኩል ሳልፍ መጽሐፍ ከሚያዞር ልጅ ላይ ጥቂት ቀጫጭን የግጥም መጻሕፍት ገዛሁ። ለምን እንደገዛሁ አትጠይቁኝ። ዝናቡ መጣ መጣ ይላል፣ ልጁ መጻሕፍቱን በላስቲክ ሊሸፍን ይራወጣል፣ አሳዘነኝና ገዛሁ፣ በቃ።

ገጣሚዎቹን አንዳቸውንም አላውቃቸውም። ሁሉም በራሳቸው ወጪ ያሳተሙ ይመስለኛል፣ አሳታሚ የሚባል ድርጅት ስም የትም አላየሁም። አንዷማ መጽሐፍ ልበላት ምን ልበላት ግራ ገብቶኛል። የደብተር ግማሽ የምታክል፣ መሀሏ ላይ በስቴፕለር የተመታች፣ መደርደሪያ ላይ ብትቆም ስሟ የማይታይ ነገር ናት።

ችግሬ ምን መሰላችሁ፣ ቶሎ ያልቃሉ። ቡናው ተፈልቶ ሦስተኛው ሳይደርስ አንዱን ጨርሼዋለሁ። ከዚያ እዘጋዋለሁ፣ ምንም የለም። ጥሩ ነው ልበል መጥፎ ነው ልበል አላውቅም። ልቦለድ ቢሆን ገጸ ባሕርይው አልጣመኝም፣ መጨረሻው ተቻኮለ፣ ምናምን እላለሁ። እዚህ ግን የምይዘው ነገር አጣሁ። ትዝ የሚለኝ ትምህርት ቤት እያለን «ገጣሚው ምን ለማለት ፈልጎ ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻ ነው፣ እሱን ራሴን ስጠይቅ ደግሞ ፈተና ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኛል፣ መልሱን የሚያውቅ ሰው ከኋላዬ ቆሞ።

እና ግጥም የምታነቡ ሰዎች እስቲ ንገሩኝ። ቁጭ ብላችሁ እንዴት ነው የምታነቡት? ከፊት ወደ ኋላ ነው ወይስ የተገለጠውን? አንድ የማይታወቅ ገጣሚ ጥሩ መሆኑን በምን ትለያላችሁ? ደግሞስ ጅማ ውስጥ እነዚህን ነገሮች ከአዟሪዎቹ ሌላ የት ይገኛሉ?


አራት ዓይና፦

ልጄ፣ ደህና ጥያቄ ነው የጠየቅሽው። አማርኛ ሳስተምር ነው ጡረታ የወጣሁት። «ምን ለማለት ፈልጎ ነው» የምትለዋ ጥያቄ ለፈተና ትጠቅማለች፣ እርማት ታቀላለችና። ለንባብ ግን አትሆንም። ገጣሚው ያንን ብቻ ለማለት ፈልጎ ቢሆን ኖሮ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብሎት ወረቀቱን ባተረፈ ነበር።

መጀመሪያ ጮክ ብለሽ አንብቢ። ይሄን ሳታደርጊ ሌላው ምክር ሁሉ ዋጋ የለውም። ግጥማችን ለጆሮ የተሠራ ነው፣ በዓይን ብቻ ስትሮጪበት ምቱ ያመልጥሻል። የወል ቤት የሚባለውን ስሙን ባታውቂው እንኳ ጆሮሽ ያውቀዋል። ስንኙ መሀሉ ላይ ለሁለት ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ግማሽ ስድስት ስድስት ቀለም፣ ማለትም በአፍ ሲባል የሚቆጠር ድምፅ፣ አለው፣ መሀል ላይ ትንፋሽ ይወሰዳል። እዚሁ ቁጭ ብዬ አንድ ልሥራልሽ፣ ብቻ አትሳቂብኝ፦

ቡናው ሲለቀም ነው የሄድሽው ከቀዬ፣
ዝናቡን ጠላሁት ትመጫለሽ ብዬ።

ጮክ ብለሽ በይው። ከ«ነው» በኋላ ሳታስቢው ትንፋሽ ወሰድሽ አይደል? እንግዲህ ያ ነው የወል ቤት። አምስት አምስት ከሆነ የሰንጎ መገን ይባላል፣ አካሄዱ ሌላ ነው፣ ፈጠን ይላል። አሁን ደግሞ ይሄንኑ ግጥሜን የዛሬ ወጣቶች እንደሚያደርጉት ልሰባብረው፦

ቡናው ሲለቀም ነው
የሄድሽው።
ከቀዬ
ዝናቡን ጠላሁት፤
ትመጫለሽ
ብዬ።

አንድም ቃል አልቀየርኩም። ግን ምን እንደሆነ እይ። «የሄድሽው» ብቻዋን ቀረች፣ ቀጥሎ የምታርፍበት የላትም። «ከቀዬ» ከመሄዱ ተለይታ ወደ ዝናቡ ተጠጋች፤ ሰውዬው ቀዬው ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ መርጦ ዝናቡን የጠላ መሰለ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቃላት ደግሞ ልብ በይ። «ትመጫለሽ» ላይ ስንኙ ሲቆም ለአንዲት አፍታ ሰውዬው እርግጠኛ ነው። ወዲያው «ብዬ» ትመጣና ነገሩ ሁሉ ተስፋ ብቻ እንደነበር ታጋልጠዋለች። በመጀመሪያው አጻጻፍ ይሄ አልነበረም፣ ምቱ እየጎተተ አሳለፈሽ።

ስለዚህ ቤት የማይመታ ግጥም ሲገጥምሽ «ይሄማ የተቆራረጠ ዝርው ነው» ብለሽ አትጣይው፣ መጀመሪያ ስንኙ ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንደተቆረጠ ጠይቂ። ምክንያት ካገኘሽለት ገጣሚው አውቆ ነው የሠራው። አንድም ቦታ ላይ ምክንያት ካጣሽለት ያኔ ጣይው። ነገሩ የዛሬ ልጆች ፈሊጥ እንዳይመስልሽ፣ ገጣሚው ሰሎሞን ዴሬሳ «ልጅነት» የተባለውን የግጥም መጽሐፉን ያወጣው በ1963 ዓ.ም. ነው፤ በዚያን ጊዜም ይሄ ግጥም ነው ወይስ አይደለም ብዙ አነጋግሯል።

ሁለተኛው ነገር ፍጥነቱ ነው። ቶሎ አለቀብኝ አልሽ። የቅኔ ቤት ተማሪ ጉባኤ ቃናን ሲጀምር ሁለት ስንኝ ብቻ ናት። ሁለት! ግን ሜዳ ወጥቶ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ሲቆጥራት፣ ማለትም ሲያዘጋጃት፣ ይውላል፣ ማታ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርመዋል፣ ሰሙና ወርቁ ተለይቶ ይፈታል። ቅኔው በጉባኤ ሲነገርና ሲያምር ሰሚው «ይበል!» ይላል። ልብ በይ፣ ሰሚው ሥራ አለው፣ መፍታት አለበት፣ ከዚያ ነው ይበል የሚለው። ሠላሳ ግጥም በአንድ ቡና መሀል መጨረስ ማለት ሠላሳ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያወራ መስማት ነው። እኔ መጀመሪያ ሙሉውን በተርታ አነባለሁ፣ እንደ ልቦለድ፣ ሳልቆም። ከዚያ የቆነጠጠችኝን አንዷን እመርጥና እሷን ብቻ ለጥቂት ቀን ይዤ እከርማለሁ። አንዳንዴም በእጄ እገለብጣታለሁ። እጅ ሲገለብጥ ዓይን የዘለለውን ያገኛል።


ዝም አልልም፦

ጋሼ አክብሮቴ ይድረስዎት፣ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ ያቺን «ብዬ» ደግሞ ወድጃታለሁ። ግን እዚህ ቤት የሚደፍር ሰው ስለጠፋ እኔ ልናገር። እህቴ፣ መጽሐፉን ዘግተሽ ባዶ ከሆንሽ መጽሐፉም ባዶ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ይሄን ማንም አይነግርሽም፣ ሁሉም «ግጥም ጥልቅ ነው፣ ደጋግመሽ አንብቢው» ይልሻል። አንዳንዱ ጥልቅ አይደለም። ቆፍረሽ ቆፍረሽ ድንጋይ ነው የምታገኚው።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሰው በራሱ ገንዘብ ሲያሳትም «ይሄኛው ይውጣ፣ ይሄኛው አልበሰለም» የሚለው ሰው አይኖርም። አርታኢ ብሎ ስም ያስገባል፣ አርታኢው ጓደኛው ነው፣ ጓደኛው ደግሞ ሊያስቀይመው አይፈልግም። ስለዚህ ዘጠነኛ ክፍል እያለ ለክፍሉ ልጅ የጻፈላት ሁሉ ይገባል።

እኔ አዟሪው አጠገብ ቆሜ የማደርገውን ልንገርሽ። የጀርባ አስተያየት አላነብም፣ በቃ አላነብም። መግቢያው ገጣሚው ምን ያህል እንደተሰቃየ የሚያወራ ከሆነም እዘለዋለሁ፣ ሁላችንም ተሰቃይተናል። ከዚያ መሀሉን እከፍታለሁ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ግጥም ላይ ማንም ይጠነቀቃል፣ ሰነፍ ግጥም የሚደበቀው መሀል ነው። መሀሉ ላይ ያለችው ተራ ግጥም ደህና ከሆነች እገዛለሁ።

ሌላው ቤት መምቻው ነው። የመጀመሪያው ስንኝ በ«ልቤ» ሲያልቅ ሁለተኛው በ«ሐሳቤ» እንደሚያልቅ ቀድመሽ ካወቅሽ፣ «ዓይንሽ» ሲል «ጥርስሽ» እየመጣ እንደሆነ ከሸተተሽ፣ ሰውዬው ቃል እየፈለገ አይደለም፣ ቃል እየመጣለት ነው፣ የመጣለትን ሁሉ ደግሞ እየጻፈው ነው። ደግሞ በግጥሙ ውስጥ የሚዳሰስ ነገር ፈልጊ። ጀበና፣ ቆርቆሮ፣ የባጃጅ ጎማ፣ ምንም ይሁን። ፍቅር፣ ሀገር፣ ተስፋ፣ ጨለማ፣ ብርሃን፣ ዕንባ ብቻ እየተፈራረቁ ገጹ ከሞላ መልሰሽ አስቀምጪው፣ ልጁ ዝናብ ቢመታውም።

አዎ ጨካኝ ነኝ። «ወጣት ገጣሚዎችን እናበረታታ» የሚለውንም አውቀዋለሁ፣ እኔም እገዛለሁ። ግን ለማበረታታት መግዛት አንድ ነገር ነው፣ ቁጭ ብሎ ማንበብ ሌላ ነው፣ ሁለተኛውን በግድ ማድረግ የለብሽም።


ቀለም ሮለር፦

ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው፣ የነገሩን ጓዳ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እናንተ ስለ ገጣሚው የምታወሩት ግማሹ ነገር የወረቀት ጉዳይ ነው።

መሀሏ ላይ በስቴፕል የተመታችዋን ይዘሽ ገጿን ቁጠሪው። በአራት ይካፈላል። ካልተካፈለ ወይ ቆጠራ ተሳስተሻል ወይ አንድ ቅጠል ወልቋል። አንድ ኤ ፎር ወረቀት መሀሉ ላይ ሲታጠፍ አራት ገጽ ይሆናል፣ ስለዚህ 24፣ 28፣ 32፣ 36 እያለ ነው የሚሄደው። ገጣሚው 34 ገጽ ይዞ ቢመጣ ሁለት ምርጫ አለው፣ ወይ ለሁለት ባዶ ገጽ ይከፍላል ወይ ሁለት ገጽ ይጥላል። የሚጥሉትን አይቻለሁ፣ ባንኮኒው ላይ ተደፍተው ይሄኛው ይቅር ያኛው ይቅር ሲሉ። ዝም አልልም የሚላት ያቺ የጠፋችው አርታኢ አንዳንዴ የወረቀት ማጠፊያዋ ናት።

ወፍራሞቹ ደግሞ ለምን ወፈሩ? በሙጫ የሚጣበቅ መጽሐፍ ትንሽ ውፍረት ይፈልጋል፣ ካልሆነ ጀርባው ላይ ስም አይጻፍም። ጀርባው ላይ ስም ከሌለ መደርደሪያ ላይ ማንም አያየውም፣ መጽሐፍ ቤቱም አይቀበለውም። ስለዚህ ሰውዬው ጥሩ ሃያ ግጥም እያለው ሌላ አርባ ይጨምርበታል፣ ጀርባ እንዲኖረው። ያቺ ስሟ የማይታየው ቀጭኗ እንግዲህ ይሄን ሁሉ ትታ ነው የመጣችው። ወይ ገንዘብ የለም፣ ወይ ገጣሚው የሚያደርገውን ያውቃል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ነው።

የዋጋውን ነገርም ሰው አያውቀውም። በኦፍሴት ሲታተም ትልቁ ወጪ ገና አንድ ኮፒ ሳይወጣ ነው የሚወጣው፣ ፕሌቱ (ገጹ የሚቀረጽበት የማተሚያ ሰሌዳ)፣ ዝግጅቱ፣ ማሽኑን ማስነሳቱ። ስለዚህ መቶ ኮፒ ማሳተም የአንዱን ዋጋ ሰማይ ያደርሰዋል፣ ሺህ ብታሳትሚ ይወርዳል። ገጣሚው የአንዱን ዋጋ ያይና ሺህ ያዛል፣ ከዚያ ካርቶኑ አልጋ ሥር ይከርማል። ጥቂት ኮፒ ብቻ የሚፈልግ በዲጂታል ማተሚያ ወይም በፎቶ ኮፒ አሠርቶ ስቴፕል ያስመታል። ሃምሳ ሰው እንደሚያነበው የሚያውቅ ሰው ሃምሳ ነው የሚያሳትመው፣ እኔ ይሄን አከብራለሁ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ጋሼ አራት ዓይና ስለ ስንኝ መቆረጥ ያሉት ላይ። በጣም ልክ ነው፣ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ትንንሽ መጻሕፍት ላይ የገጹ ወርድ ጠባብ ነው። ረጅም ስንኝ ሲመጣ አይበቃውምና የመጨረሻው ቃል በራሱ ጊዜ ወደ ታች ይወርዳል። ያንን ገጣሚው አልቆረጠውም፣ ኮምፒውተሩ ነው የቆረጠው። ጥሩ የሚሠራ ሰው ያንን የወደቀ ቃል ገባ አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ ያልተጠነቀቀ ከሌላው ስንኝ እኩል ያሰልፈዋል። ስለዚህ አንድ ቃል ብቻውን ቆሞ ስታዪ ከላዩ ያለው ስንኝ እስከ ገጹ ጫፍ ደርሷል ወይ ብለሽ እዪ። ከደረሰ ምሥጢር አትፈልጊበት። ቤት የሚመታ ግጥም ከሆነ ደግሞ ቀላል ነው፣ ቤት መምቻው የት እንደሆነ ይነግርሻል።

የፊደል ስህተትም አይግረማችሁ። አንዳንዱ የጸሐፊው ነው፣ አንዳንዱ ፋይሉ ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ ሲሄድ ፎንቱ ተቀይሮ የሚመጣ ጣጣ ነው። ባዶ ቦታውን ግን አትናቁት፣ ግጥሙ ካለቀ በኋላ ለቀረው ለዚያ ነጭ ግማሽ ገጽም ገጣሚው ከፍሎበታል።


ጅረን ዳገት፦

ቀለም ሮለር ተባረክ፣ የገጹን ነገር አላውቅም ነበር። እኔ ደግሞ ከሌላ በኩል ልምጣ።

ይሄ ቀጭን ነገር ውጭ አገር የደሃ መጽሐፍ አይደለም፣ ራሱን የቻለ ዓይነት ነው። ቻፕቡክ ይሉታል፣ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ገጽ፣ ትንንሽ አሳታሚዎች ናቸው የሚያወጡት። አፍሪካውያን ገጣሚዎችን በተመለከተ የአፍሪካ የግጥም መጽሐፍ ፈንድ የሚባል አለ። ገጣሚዎቹ ክዋሜ ዶውዝና ክሪስ አባኒ የሚያዘጋጁት ሆኖ ከ2014 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ የአዳዲስ ገጣሚዎችን ቻፕቡኮች በአንድ ሳጥን እያደረገ ያወጣል። ለእያንዳንዱ ገጣሚ የራሱ ቀጭን መጽሐፍ፣ ሁሉም በአንድ ሳጥን ውስጥ። ብዙዎቹን ሳጥኖች በስዋሂሊ ቁጥር ነው የሚሰይሟቸው፣ ታቱ፣ ኔ፣ ታኖ እያሉ። የኛዋ ልዩ ልብሰቃል በ2014 የብሩኔል የአፍሪካ የግጥም ሽልማትን ካሸነፈች በኋላ በ2015ቱ ሳጥን ውስጥ ወጥታለች። የምትጽፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ ግን አንዲት ኢትዮጵያዊት በቀጭን መጽሐፍ መጀመሯን ለማለት ነው።

ከዚያ የተማርኩት አንድ ነገር አለ። ጥሩ ቻፕቡክ ስለ አንድ ነገር ነው። አንድ ሞት፣ አንድ ሰፈር፣ አንድ ክረምት። ቦታ ስለሌለው አይንዛዛም። የኛዎቹ አብዛኞቹ «የግጥም ስብስብ» ናቸው፣ ፍቅሩም ሀገሩም እናቱም ትራንስፖርቱም አንድ ላይ። ስለዚህ ቦሳ ኪቶ፣ ቀጭኗን ስታነቢ እያንዳንዱን ግጥም ለብቻው ከመፍታትሽ በፊት ርዕሶቹን ብቻ በተርታ አንብቢያቸው። ማውጫ ካለው ማውጫውን። ለምን ይሄኛው ቀደመ፣ ለምን ያኛው መጨረሻ ላይ ሆነ? ልቦለድ ከወደድሽ ይሄ ይቀልሻል፣ ምክንያቱም ታሪኩ ያለው በግጥሞቹ መሀል ነው።

ሁለተኛ፣ ብቻሽን አታንብቢ። እኛ ቤት አፋን ኦሮሞና አማርኛ ተደባልቆ ነው የሚወራው። አያቴ ጌረርሳ (የኦሮሞ የጀግንነት ዜማ) ሲባል አፉን ዘግቶ ሰምቶ አያውቅም፣ መሀል ላይ ይቀበላል፣ ያበረታታል፣ ካልጣመውም ፊቱ ላይ ታዪዋለሽ። አሁን እኔ በቁቤ የተጻፉ የዋለሎ (የአፋን ኦሮሞ ግጥም) መጻሕፍትም አነባለሁ፣ እነሱም ቀጫጭን ናቸው፣ እነሱም በራስ ወጪ ናቸው፣ ችግራቸውም ያው ነው። ለጓደኛዬ ጮክ ብዬ ሳነብላት ግን ወዲያው ይለያል። ስልኳን ካነሳች ግጥሙ አልሠራም ማለት ነው። «እስቲ ድገሚው» ካለችኝ ሠርቷል። ከዚህ የተሻለ ሃያሲ አላውቅም።

ዝም አልልም፣ ያንተን ነገር በግማሹ እቀበላለሁ። የጀርባ አስተያየቱን አዎ። ግን «ጀበና ከሌለበት አልገዛም» ማለት ይከብዳል። ጀበናና ቡና ያልገባበት የጅማ ግጥም አለ እንዴ? እዚህ ከተማ የሚዳሰስ ነገር መጨመር ቀላል ነው፣ ቡና ትዪና ጨረስሽ። ለኔማ እሱም እንደ «ልቤ» እና «ሐሳቤ» ነው።


ዝም አልልም፦

ሃሃ፣ ይሄን ተቀብያለሁ። ለጅማ ገጣሚዎች ቡና ለአንድ ዓመት ይከልከል።


አራት ዓይና፦

እኔም ከላይ በቡና ነው የጀመርኩት። ክልከላው ከመጽደቁ በፊት ስለጻፍኩ ይታለፍልኝ።


ቦሳ ኪቶ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሼ በተለይ እርስዎን። የነገራችሁኝን ይዤ ተመልሼ ገባሁበት።

የባለ ስቴፕሏን ገጽ ቆጠርኩ፣ 28 ገጽ ናት፣ ይካፈላል። ከዚያ ጅረን ዳገት እንዳልሽው ርዕሶቹን በተርታ አነበብኩ። በር፣ ኮሪደር፣ መስኮት፣ ምድጃ፣ አልጋ፣ ጓሮ። ኧረ ቤት ነው! ሙሉ መጽሐፉ አንድ ቤት ነው፣ ከበር ገብቶ በጓሮ ይወጣል። መጀመሪያ ሳነበው እያንዳንዱን ለብቻው ስለወሰድኩት «ስለ በር ምን ያስጽፋል» ብዬ ነበር ያለፍኩት። ጮክ ብዬ ሳነበው ደግሞ ሌላ ነገር ታየኝ። በየክፍሉ ዕቃው ሁሉ አለ፣ ማሰሮው አለ፣ ነጠላው ተሰቅሏል፣ ጫማው በር ላይ ነው፣ ሰው ግን የለም። እስከ ጓሮው ድረስ አንድም ሰው የለም። ጓሮው ላይ ስትደርሱ አንድ ድምፅ ይጠራል፣ ማን እንደሆነ አይነገርም። እናቱ ትመስለኛለች። እናቱ ሞታ ቤቱን ሊያስረክብ የመጣ ሰው ይመስለኛል። የትም ቦታ ላይ ግን «ሞተች» አይልም። ምን ለማለት ፈልጎ ነው ብዬ አልጠየቅኩም ጋሼ፣ የምድጃውን ግን ለእናቴ አነበብኩላትና ዝም አለች፣ ከዚያ «እስቲ ድገሚው» አለች። የጅረን ዳገት መመዘኛ ሠርቷል።

ሌላኛው፣ ሽፋኑ ላይ የፀሐይ መጥለቂያ ያለበት ወፍራሙ ግን፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ጮክ ብዬ ሳነበው ይብሳል። በዓይን ሳነበው ቢያንስ ዝም ይል ነበር። «ልቤ» እና «ሐሳቤ» አለበት። ከአንድ ገጽ በላይ አለበት። መሀሉንም ከፈትኩ፣ እዚያም አለበት።

ሦስተኛው ላይ ነው የተቸገርኩት፣ ለቀለም ሮለር ነው ጥያቄው። ግጥሙ ቤት አይመታም። ብዙ ስንኞች ላይ የመጨረሻው ቃል ብቻውን ወደ ታች ወርዷል፣ እንደሌሎቹ እኩል ከግራ ነው የሚጀምረው። ከላዩ ያለው ስንኝ አንዳንዴ ጫፍ ይደርሳል፣ አንዳንዴ ትንሽ ይቀረዋል። እንዴት ልለይ?


ቀለም ሮለር፦

ትንሽ ይቀረዋል ያልሽው ላይ የወደቀውን ቃል ርዝመት እዪው። ቃሉ በቀረው ባዶ ቦታ ላይ የማይገባ ከሆነ ኮምፒውተሩ ነው፣ ስላልገባለት ነው የጣለው። አጭር ቃል ሆኖ፣ ቦታውም እያለ፣ ከወረደ ግን ገጣሚው ነው አውርዶ ያስቀመጠው። «ግን» የምትል ቃል እኮ የትም ትገባለች፣ እሷ ብቻዋን ወርዳ ካየሻት አትጠራጠሪ።

ካልሆነም ደውይለት። እውነቴን ነው። እነዚህ መጻሕፍት ላይ ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ወይም መጨረሻው ላይ የስልክ ቁጥር ወይም ኢሜይል አይጠፋም፣ እኛ ራሳችን ነን አስገቡ የምንላቸው። ሌላም መጽሐፍ ከፈለግሽ ከእሱ ብትገዢ ይሻላል፣ በአዟሪና በመጽሐፍ ቤት የሚቆረጠው ለሱ ይቀርለታል። የት ይገኛል ላልሽውም ግማሽ መልሱ ይሄ ነው። ካርቶኑ አልጋ ሥር ነው ብያለሁ እኮ።


ዝም አልልም፦

ሌላው ግማሽ፣ ጅማ ውስጥ አንድ ቦታ ሁሌ ይገኛል ማለት አይቻልም። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነን፣ መጽሐፍ በአውቶቡስ ላይ ተጭኖ ነው የሚመጣው፣ ነጋዴው ደግሞ ቦታ የሚሰጠው ለሚሸጥለት ነው፣ ግጥም አይሸጥም። ሐሙስ ገበያ ቀን እዚሁ ጅማ መርካቶ በኩል አዟሪዎቹ ይበዛሉ፣ ከሥር ከሥሩ ፈልጊ፣ ግጥሞቹ ሁሌ ከእንግሊዝኛ መማሪያና ከራስ አገዝ መጻሕፍት ሥር ነው የሚቀመጡት። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤቶችንም ጠይቂ፣ ተማሪዎች እዚያ ያሠሩና ጥቂት ኮፒ ይተዋሉ። ከአንድ በላይ አትግዢ፣ አንብበሽ ተመለሺ።

እና ያቺን የቤቷን መጽሐፍ ታውሺኛለሽ? የፀሐይ መጥለቂያውን አልፈልግም።


ቦሳ ኪቶ፦

ቀድማ ጅረን ዳገት ጠይቃኛለች፣ በውስጥ መስመር። ከሷ በኋላ ጋሼ ናቸው። አንተ ሦስተኛ ነህ። ደግሞ ስቴፕሉ ላልቷል፣ መሀሏን በኃይል አትክፈታት።

ሦስተኛውን መጽሐፍ አየሁት፣ «ግን» አለች፣ ብቻዋን ወርዳለች፣ ቦታው ሰፊ ነበር። እሁድ ልደውልለት ነው።